ለክቡር አቶ አለሙ፣ ከመንገዱ ዳር ተቀምጠው ውድድሩን በቴሌቪዥን ለተመለከቱት

ለክቡር አቶ አለሙ
የሞተር ስፖርት ፌስቲቫል አዘጋጅ ኮሚቴ ሰብሳቢ
ደብረ ታቦር

ጉዳዩ፦ ውድድርን በቴሌቪዥን በማየትና በቦታው ተገኝቶ በማየት መካከል ያለውን ልዩነት ስላስተማሩን ምስጋና ስለማቅረብ፣ እግረ መንገዱንም የባጃጅ ነጂውን የዘውዱን መንጃ ፈቃድ እንዲመልሱ ስለመጠየቅ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰነበቱ እያልኩ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ እነሣለሁ። ብርዱስ እንዴት ይዞዎታል? ከጉና የሚወርደው የጥር ነፋስ ከገመዱ ኋላ የቆምነውን ሰዎች ጉሮሯችንን ዘግቶን ሰንብቷል፤ እርስዎ ከድንኳን ውስጥ ስለነበሩ እንዳልነካዎ ተስፋ አደርጋለሁ። ዓይንዎስ ደህና ነው? ከቴሌቪዥን ፊት ረጅም ሰዓት መቀመጥ ለዓይን ደግ አይደለም ሲባል እሰማለሁና አሳስቦኛል። ለእርስዎ፣ ለባልደረቦችዎ፣ እንዲሁም ከቢሮዎ ጥግ ላይ ተቀምጦ ለሚገኘው ለወይዘሮ እቴነሽ ቴሌቪዥን የማያቋርጥ ጤና እመኛለሁ።

እኔ ይሻው አያሌው እባላለሁ። ዕድሜዬን በመንግሥት መሥሪያ ቤት የጽሕፈት መኪና ስመታ ኖሬ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። ለብዙ ኃላፊዎች ብዙ ደብዳቤ መትቻለሁ፤ ይህ ግን ማንም ሳያዝዘኝ የጻፍኩት የመጀመሪያዬ ስለሆነ፣ ስሕተት ቢያገኙበት የእኔ ነው፤ እውነት ቢያገኙበት ደግሞ የእርስዎ ሥራ ውጤት ነው። ግልጽ ደብዳቤ ያደረግኩትም ድፍረት አግኝቼ አይደለም። በፖስታ አሽጌ ለጽሕፈት ቤትዎ ባቀርብ፣ ኮሚቴው ሥራውን በተሳካ ሁኔታ አጠናቆ ስለተበተነ ደብዳቤ የሚቀበልለት የለም ተብዬ ተመለስኩ። ኮሚቴው ይበተን እንጂ ሰብሳቢነትዎ ከነማዕረጉ አሁንም ከበሩ ላይ እንደተለጠፈ ስላየሁ፣ ከማን ጋር እንደምነጋገር አልተሳሳትኩም ብዬ አምናለሁ።

እንግዲህ ምስጋናዎቼን በቁጥር እየለየሁ እንዳቀርብ ይፍቀዱልኝ።

፩. ስለ ቀድሞው አላዋቂነታችን

እርስዎ መጥተው ዓይናችንን ከመክፈትዎ በፊት፣ እኛ የዚህ ከተማ ነዋሪዎች የመኪና እሽቅድምድምን የምንከታተለው በወይዘሮ እቴነሽ ሻይ ቤት ነበር። እሑድ ከሰዓት በኋላ ዲሹ ከያዘልን፣ ስሙን እንኳ ማንበብ የማንችለው አንድ የዐረብ ጣቢያ የውጭውን ውድድር ያሳየናል። ተናጋሪው በዐረብኛ ይጮኻል። ከእኛ መካከል ዐረብኛ የሚችል ስላልነበረ፣ የአቋቋም መምህሩ መሪጌታ አስረስ ቋንቋው ከግዕዝ ጋር ዘመድ ነው በሚል፣ አንዳንድ ቃል እየለቀሙ ይተረጉሙልን ነበር። እንደ እርሳቸው ትርጓሜ ከሆነ ነጂዎቹ በየዙሩ ስለ ነፍሳቸው ይጸልያሉ። ትክክል ይሁን አይሁን እስከዛሬ አላውቅም፣ ፍጥነቱን ሳየው ግን የማይሆን አልመሰለኝም።

መብራት ደግሞ በመጨረሻው ዙር ላይ የመሄድ ልማድ ነበረው። ማን እንደቀደመ ሳናውቅ እንበተንና እያንዳንዳችን ያሸነፈልንን ሰው ይዘን እስከሚቀጥለው እሑድ እንከራከራለን። የባጃጅ ነጂው ዘውዱ ከፊት ነበር የሚቀመጠው። ኩርባ በመጣ ቁጥር ከነመቀመጫው ያዘነብላል፤ ከጎኑ የተቀመጠ ሰው ሻዩን ከፍ አድርጎ መያዝ ነበረበት። አንድም ቀን ስለ አሸናፊው ሲከራከር ሰምቼው አላውቅም። እሱ የሚያወራው ነጂው እግሩን መቼ ከነዳጅ ላይ እንዳነሣ ነበር።

እውነቱን ለመናገር ግን፣ ክቡር ሆይ፣ ለእኔ በዚያ ሁሉ ጊዜ አንድ ነገር ይጎድለኝ ነበር። ያ ሁሉ ፍጥነት ፊት ለፊቴ እየበረረ የሻይ ብርጭቆዬን እንኳ አያነቃንቃትም። አንድ ቀን፣ አንድ ቀን ብቻ፣ ከመንገዱ ዳር ቆሜ ባየሁ እያልኩ እመኝ ነበር። ይህን የምነግርዎ እርስዎ ሲመጡ ምን ያህል ደስ እንዳለኝ እንዲያውቁልኝ ነው።

፪. ስለ ንግግርዎ

የከተማችን የመጀመሪያው የባጃጅ ውድድር ሊካሄድ ነው ብለው በአደባባይ ያደረጉትን ንግግር በቃሌ ይዤዋለሁ። «ሕዝባችን ስፖርትን ከግድግዳ ላይ ሳይሆን ከሜዳ ላይ ማየት ይገባዋል» አሉ። «ቴሌቪዥን የሚያሳየው ካሜራው የዞረበትን ብቻ ነው፤ እውነቱ ያለው ግን መንገዱ ላይ ነው» አሉ። በዚህ ቦታ ላይ መዳፌ እስኪቀላ አጨበጨብኩ። በጡረታ ዘመኔ ሳልታዘዝ ያጨበጨብኩት ያን ቀን ብቻ ስለሆነ እንደ ቀላል ነገር እንዳያዩብኝ አደራ እላለሁ። መሪጌታ አስረስም ይህ ሰው የተማረ ነው አሉ፤ እርሳቸው ደግሞ ይህን ቃል ለማንም በቀላሉ የሚሰጡ ሰው አይደሉም።

ቀጥሎም በውድድሩ ዕለት ቴሌቪዥን የሚያሳዩ ቤቶች በሙሉ እንዲዘጉ ትእዛዝ ወጣ። የወይዘሮ እቴነሽ ቴሌቪዥን ደግሞ ለፌስቲቫሉ አገልግሎት በውሰት ተወሰደ። ሴትዮዋ አላንገራገሩም። አቧራ እንዳይነካው ብለው በገዛ እጃቸው የሠሩትን ነጭ ዳንቴል አልብሰው፣ ከጭነቱም ጋር እስከ በሩ ሸኝተው አስረከቡ። ወደ መንገዱ መውጣት ለማይችሉ አቅመ ደካሞች ሊተከልላቸው ነው ብለን ነበር ያሰብነው፤ የእርስዎን አርቆ አሳቢነት እንዲህ አሳንሰን በመገመታችን ይቅርታ እጠይቃለሁ።

፫. ስለ ድንኳኑ

የውድድሩ ቀን በሞንታርቦ ከማለዳው ጀምሮ ውጡ ስለተባልን፣ ያስቀደሰውም ያላስቀደሰውም ነጠላውን አጣፍቶ ከገመዱ ኋላ ተሰለፈ። የክብር እንግዳው መንገድ ላይ ናቸው ተባለ። ፀሐይ አናታችን ላይ ስትደርስም መንገድ ላይ ነበሩ። በዚህ መካከል እርስዎ ንግግር አደረጉ፤ ምክትልዎ ስለ ንግግርዎ ምስጋና አቀረቡ፤ እርስዎ ደግሞ ተነሥተው ምክትልዎን ስለ ምስጋናቸው አመሰገኑ። እንግዳው የደረሱት ሁለታችሁም እንደገና ልትነሡ ስትሉ ስለነበር ፈጣሪን አመሰገንን።

ድንኳናችሁ የተተከለው መንገዱ ጥርት ብሎ በሚታይበት ብቸኛ ቦታ ላይ ነበር። ፀሐይ እንግዶቹን እንዳታስቸግር ተብሎ ደግሞ ፊቱ ከመንገዱ ወደ ኋላ ዞሯል። በዚህም የተነሣ እኛ በድንኳኑ ምክንያት መንገዱን አናይም፤ እናንተም በድንኳኑ ምክንያት መንገዱን አታዩም። ለእኛ ችግር መፍትሔ አልተፈለገለትም፤ ለእናንተ ግን ቴሌቪዥን ቀረበ። አንድ ካሜራ ከመጨረሻው መስመር ላይ፣ ልክ ከድንኳናችሁ ጀርባ፣ ተተክሎ በገመድ ከቴሌቪዥኑ ጋር ተገናኘ። ወይዘሮ እቴነሽ በመጋረጃው ክፍተት አጮልቀው «ኧረ የኔው ዳንቴል ነው!» ብለው ሲጮኹ ነው ሁላችንም ያወቅነው። ጥበቃው ዝም እንዲሉ አዘዛቸው።

ክቡርነትዎ ያን ሸራ በአንድ ጣት ገለጥ ቢያደርጉት፣ ቴሌቪዥኑ የሚያሳይዎትን ነገር ራሱን፣ ከነአቧራውና ከነድምፁ፣ ባዩት ነበር። አልገለጡትም። ጥብሱ እንዳይቀዘቅዝ ይሆናል ብዬ እገምታለሁ፤ ሽታው እኛ ዘንድ ድረስ ይመጣ ስለነበር ጥሩ ጥብስ እንደሆነ መመስከር እችላለሁ።

በዚያው ሰዓት ጋቢውን ያጣፋና ዱላ የያዘ አንድ የገጠር ሰው ላብ በላብ ሆኖ መጥቶ ወደ ድንኳኑ ልግባ እያለ ጥበቃዎቹን ሲለምን አይቻለሁ። «አንድ ሰው ብቻ ጥሩልኝ፣ ቃሌን ነግሬው ልሂድላችሁ» ይል ነበር። «ክቡራን ውድድር እያዩ ነው፤ ሲያልቅ ና» ተብሎ ተመለሰ። ውድድሩ ያን ጊዜ ገና አልተጀመረም። ጥበቃዎቹም የተማሩት ከበላዮቻቸው ስለሆነ አልወቅሳቸውም።

፬. ስለ ኩርባው

ከገመዱ ኋላ ድንኳንና ሰማይ ብቻ እያዩ መቆም ስለሰለቸን፣ እኔና መሪጌታ አስረስ በጋፋት መንገድ ወጥተን፣ ከቤተ ክርስቲያኑ በር ፊት ለፊት ካለው ኩርባ ላይ ቆምን። ከእኛ ጋር ብዙ ሰው ነበር። ውድድሩ ከአደባባዩ ተነሥቶ በዚህ ኩርባ አልፎ፣ ወደ ጋፋት ዘልቆ በመጣበት የሚመለስ ነበር።

ለዚህ ነገር ያለ አሽሙር አመሰግንዎታለሁ፣ ክቡር ሆይ፤ በደብዳቤዬ ውስጥ ያለ አሽሙር የማመሰግንዎት እዚህ ላይ ብቻ ነው። ባጃጆቹ ሸራቸው ተገፍፎ፣ እየጮኹ፣ ጠጠር እየረጩ ከዳገቱ ሥር ብቅ ሲሉ መሬቱ በጫማዬ በኩል ተንቀጠቀጠ። ዘውዱ ከፊት ነበር። ኩርባው ላይ ሲደርስ ከሻይ ቤት ወንበር ላይ እንደሚያደርገው አዘነበለ፣ አንዱ የኋላ ጎማ ከመሬት ለቀቀ፣ ተመልሶም ተቀመጠ። የተቃጠለ ጎማ ሸተተኝ። ልቤ እንዲህ የመታው በወጣትነቴ ነው። መሪጌታ መቋሚያቸውን ወደ ላይ ሰቅለው «ማርያምን!» አሉ። ቴሌቪዥን ለዚያ ሁሉ ዓመት የነፈገኝ ይህን ነበር፤ አልቅሼ ከሆነም አቧራው ነው ብዬ አለፍኩ። ከሁሉ ኋላ ኤርምያስ የሚባለው ልጅ አንዱ ጎማ ተንፍሶበት እየተንገታገተ አለፈ፤ ሰውም ሳቀበት።

ባጃጆቹ ከጋፋት በኩል ሲመለሱ፣ ከመንገዱ በላይ ካለው መንደር ቀብር ወረደ። የአንዲት አሮጊት ሬሳ ነው፣ አጥቢያቸው ይኸው ቤተ ክርስቲያን ነው። መንገድ ተዘግቷል የሚል ወሬ ወደ መንደሩ አልደረሰም፤ ሞንታርቦዎ የጮኸው ለከተማው ብቻ ነበርና። ቃሬዛው ከመንገዱ መሐል ሲደርስ ዘውዱ ከኩርባው ብቅ አለ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ለእርስዎ ማስረዳት የሚያሳፍር ነገር ነው፤ በዚህ አገር ለተወለደ ሰው አይነገርምና። ዘውዱ ቆመ። ሞተሩን አጠፋ። ወረደ፣ ቆቡን አወለቀ። ከኋላው የደረሰው ሁሉ እንዲሁ እያደረገ ቆመ፤ አንድም ጥሩምባ የነፋ የለም። ከዳር እንደቆሙት ሰዎች ሁሉ ነጂዎቹም ሬሳውን ሊሸኙ ተከተሉ። ከተሸካሚዎቹ አንዱ ጉልበቱ እየተብረከረከ ነበር፤ ተራውን የሚቀበል ዘመድ ከከተማ እየተጠበቀ ገና አልደረሰም ተባለ። ዘውዱ ይህን ሲሰማ ሄዶ ትከሻውን አስገባ። መሪጌታ አስረስም ከካህናቱ ጋር ተቀላቀሉ፤ ሬሳው ወደ ቅጽሩ ገባ።

ባጃጆቹ ባዶአቸውን መንገዱ ላይ ቆመው ሳለ ኤርምያስ ጎማውን ጠግኖ ደረሰ። ቀብሩን አላየም። ያየው ሰው የሌለባቸው ባጃጆች ብቻ ስለነበር፣ ጓደኞቹን ምን መዓት ወረደባቸው ብሎ ደነገጠና እርዳታ ሊጠራ ወደ ከተማው ያለውን ፍጥነት ሁሉ ሰጠ።

፭. ስለ ፍርዱ

ቀጥሎ የሆነውን ከእኔ ይልቅ እርስዎ ያውቁታል፤ በቴሌቪዥን አይተውታልና። ረጅም ጊዜ ባዶ መንገድ፣ ከዚያ አንድ ባጃጅ። ኤርምያስ ከመስመሩ ላይ ደርሶ «ድረሱላቸው! ድረሱላቸው!» እያለ ሲጮኽ፣ ደስታ ነው መሰላችሁና አጨበጨባችሁ። «እኔ እኮ መጨረሻ ነኝ» እያለ ሜዳሊያው አንገቱ ላይ ገባ። ዋንጫውን ሲያስጨብጡት የተነሣው ፎቶግራፍ በቢሮዎ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል፤ በከተማችን ታሪክ እንደዚያ የተጨነቀ ፊት ያለው አሸናፊ ታይቶ የሚያውቅ አይመስለኝም። ልጁ እስከዛሬ ባጃጁን ከዘውዱ ቤት ራቅ አድርጎ ነው የሚያቆመው።

ቀብሩ ተፈጽሞ ነጂዎቹ ሲመለሱ፣ ዘውዱን ከእንግዳው ፊት አቁመው ጠየቁት። የቆምኩት ለቀብር ነው አለ። እርስዎም ወደ ቴሌቪዥኑ ጠቁመው «እኛ ያየነው ባዶ መንገድ ነው፤ ቀብር የሚባል ነገር አልታየም» አሉ። መሪጌታ አስረስ ገመዱን ዘለው ገብተው «ጌታው፣ ከፍትሐቱ መምጣቴ እኮ ነው፤ እጣኑ ገና ከልብሴ አልለቀቀም» አሉ። ከኩርባው የመጣው ሰው ሁሉ ምስክር ነን አለ። እርስዎ ግን የዓይን ምስክርን ስሜት እንደሚያጠቃው፣ ምስል ግን እንደማይዋሽ አስረዱን። ቴሌቪዥን የሚያሳየው ካሜራው የዞረበትን ብቻ ነው ያሉት ያው እርስዎ መሆንዎን ለማስታወስ አፌን ከፍቼ ነበር፤ ሞንታርቦው በልጦኝ ተውኩት።

ስለዚህ ዘውዱ ተወዳዳሪዎችን አስተባብሮ በማስቆም፣ በክብር እንግዳው ፊት ፌስቲቫሉን ለማደናቀፍ አድማ መርቷል ተባለ። በዚህ ዘመን ይህ ቃል በአንድ ወጣት ላይ ሲጣል ምን ሊያስከትል እንደሚችል እርስዎ በደንብ ያውቃሉ። መንጃ ፈቃዱን ከኪሱ አውጥተው ወሰዱበት። አንዱ ከሕዝቡ መሐል ስለ ሟቿ ሊነግርዎ ሲሞክር «የማን ቀብር ነው ደግሞ?» ብለው፣ መልሱን ሳይጠብቁ እንግዳዎን አስከትለው ወደ መኪናዎ ሄዱ።

፮. ስለ መንጃ ፈቃዱ

ዘውዱ ከመንዳት ሌላ መተዳደሪያ ኖሮት አያውቅም። ባጃጁ ከቤቱ ጓሮ ባሕር ዛፍ ሥር ላስቲክ ለብሳ ቆማለች። ሚስቱ ማሬ በየጠዋቱ ላስቲኩን ገልጣ ትወለውላታለች፤ ለምን እንደምታደርገው ብጠይቃት «ተስፋ እንዳይቆርጥ ነው» አለችኝ። እሱ አንበሳሜ ከተማ ወርዶ በገበያ ቀን ጆንያ ተሸካሚ ሆኗል። ቢሮዎ ሲመጣ ኮሚቴው ስለተበተነ ፈቃዱን ሊመልስለት የሚችል አካል የለም ይባላል። ሊወስድ የሚችል አካል እንደነበረ ግን አይካድም። ፈቃዱ ያለው በጠረጴዛዎ መሳቢያ ውስጥ ነው፤ ጸሐፊዎ ሲጠየቁ ዓይናቸው ወደዚያ ስለሚሄድ ማንም ያውቀዋል።

ይህ ልጅ በዚህ ከተማ ሴት ምጥ ሲይዛት፣ ዝናብ ሲዘንብ፣ ሽማግሌ ዳገት ሲያቅተው የሚጠራ ነበር። አሁን ወደ እሱ ቤት የሚሄድ ሰው ቀንሷል። አድማ የሚለው ቃል ይለጠፍብኝ ይሆናል ብሎ የማይፈራ ሰው ጥቂት ነው፤ እኔም ራሴ በመጀመሪያዎቹ ቀናት በሌላ መንገድ ዞሬ አልፌ ነበር። ይህን ያደረጉብን እርስዎ ነዎት፣ በጣም አዝኜብዎታለሁ፤ ይህን ደግሞ በትሕትና ቃል መሸፈኛ አጣሁለት።

ከላይ ስለተዘረዘሩት ውለታዎች ሁሉ ምላሽ የምጠይቀው ቀላል ነገር ነው። መሳቢያዎን ይክፈቱ፤ ፈቃዱን ያውጡ፤ ለባለቤቱ ይስጡ፤ ዘውዱ አድማ እንዳልመራም በዚያው ሞንታርቦ ይናገሩ። ይህን ለማድረግ ኮሚቴ አያስፈልግም፤ አንድ እጅና አንድ አፍ ይበቃል፤ ሁለቱም እንዳሉዎት በድንኳኑ ውስጥ ሆነው ጥብሱን ሲያስተናግዱ ያዩ ሰዎች ነግረውኛል። ዋንጫውን ማንም አልጠየቀም። ቴሌቪዥኑንም ቢሆን ወይዘሮ እቴነሽ እስኪሰለቸው ይይበት ብለዋል፤ ዳንቴሉ ብቻ ቆሽሾ እንደሆነ፣ እኔው እንዳጥበው ይልኩልኛል ብለው ይጠብቃሉ።

በቸርነትዎ ያልተማመንኩ፣ በትዕግሥትዎ ግን ዘወትር የምደነቅ፣ ከገመዱ ኋላ ካለው ስፍራዬ ሆኜ የከበረ ሰላምታዬን ደጋግሜ የማቀርብ፣

ይሻው አያሌው
የቀድሞ ታይፕ መቺ፣ የአሁን ተመልካች

ግልባጭ፦
ለወይዘሮ እቴነሽ ሻይ ቤት፣ ቴሌቪዥኑ ለነበረበት ባዶ ግድግዳ፤ እንዲለጠፍ
ለመሪጌታ አስረስ፤ እንዲያውቁት
ለኤርምያስ፤ እንዲጽናና

ከፊርማዬ በኋላ የምጨምረው፦

የማን ቀብር እንደሆነ ጠይቀው መልሱን ሳይሰሙ ስለሄዱ፣ ጥያቄ ሳይመለስ መቅረት ስለሌለበት እኔ ልመልስልዎ። ሟቿ ወይዘሮ ፈንታነሽ ነበሩ፣ እናትዎ በሕፃንነትዎ ሲሞቱብዎ ወስደው ያሳደጉዎት አክስትዎ። ሌሊቱን አርፈው፣ ስልክዎ ለእንግዳው ክብር ተዘግቶ ስለነበር፣ አማቻቸው ሙላቴ በእግሩ ገስግሶ መጥቶ ነበር፤ ከድንኳንዎ በር ላይ «ሲያልቅ ና» ተብሎ የተመለሰው ያ ባለ ዱላ እሱ ነው። ከከተማ ይመጣል ተብሎ የተጠበቀው ተራ ተቀባይ ደግሞ እርስዎ ነበሩ።

ማታውኑ እንደሰሙ አውቃለሁ። በሣልስቱ ከለቅሶው ቤት ተቀምጠው ሳሉ እግዚአብሔር ያጽናዎ ስልዎ፣ አሜን ብለው ዓይንዎን ከእኔ መለሱ። በማግሥቱ ዘውዱ ቢሮዎ ሲመጣ ቀብር አልታየም የሚለውን ቃል እንደገና አስነገሩት። ቀብሩ ነበረ ካሉ፣ ያን ሰዓት የት ተቀምጠው ምን ያዩ እንደነበር መናገር ግድ ሊሆንብዎ ነው። ስለዚህ አክስትዎን የቀበረልዎ ሰው አንበሳሜ ላይ ጆንያ ይሸከማል።

ዘውዱ ከማን ቃሬዛ ሥር እንደገባ ያወቀው ዘግይቶ ነው፤ ካወቀም በኋላ ለማንም አልተናገረም። ይህን ደብዳቤ እንደምጽፍ ስነግረው «ሐዘንተኛ አይደሉ፣ ይህችን እንኳ ይተዉላቸው ጋሽ ይሻው» ብሎ ለመነኝ። እኔ ግን እንደ እሱ ደግ ሰው አይደለሁም።